እናቴ በትልቁ አዳራሽ

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የተጣላው ከሰው ጋር አይደለም፤ ኩቢዝም ከሚባለው የአሳሳል ስልት ጋር ነው። ሰው ቢያስቀይመው ሳምንት ሳይሞላ ይረሳዋል። የኩቢዝም ስም ከተነሳ ግን አጥሩን አፍርሶ የገባበት ጎረቤት ስም የተነሳ ይመስል ፊቱን ያጠቁራል። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ነበር፤ ሥዕል ማለት ለእሱ ያየኸውን እንዳየኸው ማስቀመጥ ነው፣ አለቀ ደቀቀ። የዘመናዊ ሥነ ጥበብን ታሪክ አስተምር ተብሎ ሲገደድ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ እንደ በሽታ ነበር የሚያስተምረው። ኢምፕሬሽኒዝም የዓይን መፍዘዝ ነው፣ ኤክስፕረሽኒዝም ትኩሳት፣ ኩቢዝም የአጥንት ስብራት፣ ሰሪያሊዝም ቅዠት። ምንም ነገር የማይመስለው አብስትራክት ላይ ሲደርስ ጠመኔውን ያስቀምጥና እጁን አራግፎ «ይሄ እንኳን በሽታ አይደለም፤ ይሄ ሬሳ ነው። ነፍስ ይማር ብለን ወደ ዕረፍት እንውጣ» ይላል። ተማሪው ይንጫጫል። እኔም ፋርማሲስት የሆንኩት ቤታችን ውስጥ በሽታ በዝቶብኝ ነው እያልኩ እናቴን አስቃት ነበር።

ተማሪዎቹ ያወጡለት ስም ጋሽ ቱምቢ ነው። ግንበኞች የግድግዳን ቀጥ ማለት የሚለኩበትን፣ በገመድ የሚንጠለጠለውን ብረት ከኪሱ አይለየውም ነበር። የሚሳለውን ሰው ፊት ለፊቱ ያስቀምጥና ቱምቢውን በክንዱ ልክ ዘርግቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የሰውየው ግንባር ከአገጩ በላይ የት እንደሚያርፍ ያያል። ሌላም ሕግ ነበረው፦ ብርሃን ይወፍራል፣ ጥላ ይሳሳል። ብርሃን ያረፈበትን ቦታ ቀለሙን አወፍሮ ይለጥፋል፤ ጥላውን ሸራው እስኪታይ ድረስ ያሳሳዋል። «ጥሩ ሥዕል ዓይነ ስውር እንኳን በጣቱ ሊያነበው ይገባል» ይል ነበር። ያኔ ቀልድ ነበር። ፊርማውንም ከፊት አያሰፍርም። ሰው ፊት ላይ አይጻፍም ብሎ ከሸራው ጀርባ ነበር የሚፈርመው።

አንድ ተማሪ ነበረው። ይህ ተማሪ ዛሬ የትልቁ ጋለሪ ዳይሬክተር ነው። ያኔ ግን ለፈተና አብስትራክት ሠርቶ የመጣ ድፍረቱ ወደር የሌለው ወጣት ነበር። አባቴ ሸራውን ተቀብሎ ክፍሉ ፊት ሰቀለው፣ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ጥቂት አየው፣ ከዚያ አወረደውና ዘቅዝቆ መልሶ ሰቀለው። «እስቲ ንገሩኝ፤ አሁን ምን ተበላሸ?» ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ ያን ዓመት ደገመ። አባቴ ይህን ወሬ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያወራዋል፣ እንግዳው ሁሉ ይስቃል፤ የማትስቀው እናቴ ብቻ ነበረች። «እሱም እናት አለችው እኮ» ትለዋለች።

ጊዜው ግን ከአባቴ ጋር አልሄደም። በትልቁ ጋለሪ ትልቁ አዳራሽ ውስጥ አብስትራክቱ ገባ፣ ከዚያ ዕቃ ተከምሮ ጥበብ የሚባልበት ኢንስታሌሽን ገባ፣ ከዚያ ወለል ላይ ተኝተው የሚያንኮራፉ ሰዎች ፐርፎርማንስ ተብለው ገቡ፤ አባቴ ብቻ አልገባም። በየዓመቱ ሥዕል ያስገባል፣ በየዓመቱ በትሕትና ይመለስለታል። ከሠርጋቸው ጀምሮ ለእናቴ የገባላት ቃል ነበር፦ «አንቺን በትልቁ አዳራሽ ሳልሰቅል አልሞትም።» እሷም «እኔን ለመስቀል እንዲህ ከምትቸኩል አርፈህ እራትህን ብላ» ትለው ነበር። ይሳለቁበት እንጂ ነገሩ ቀልድ አልነበረም። አባቴ በዚህች ምድር ላይ ከዚህ ሌላ የሚፈልገው ነገር አልነበረውም።

ዓይኑ መድከም የጀመረው ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው። ሐኪሙ ችግሩ ነርቩ እንደሆነ፣ የሞተ ነርቭም እንደማይመለስ ሲነግረን አባቴ ወደ እኔ ዞረና «የምትሸጪው ጠብታ ሁሉ ውሃ ነው ማለት ነው?» አለኝ። ጠብታው ያለውን ለማቆየት እንጂ የሄደውን ለመመለስ አይደለም። ያለውም ቢሆን እየሄደ ነበር። እሱ ግን «ትንሽ ጭጋግ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ይገፈፋል» ይላል። በርን ከመስኮት መለየት ያቃተው ሰው ጭጋግ ነው ይላል! ግትርነቱ ያበግነኝ ነበር። አሁንም ያበግነኛል።

እናቴ ልቧ ደክሞ ከቤት መውጣት ያቆመች ሰሞን «በይ እንግዲህ፣ አሁን ነው ጊዜው» ብሎ ከመስኮቱ አጠገብ አስቀመጣት። ቀይ ቀሚሷን ለበሰች። ከጎኗ ቢጫው መጋረጃ ነበር። ቀለሞቹን በቀለም መቀላቀያው ሰሌዳ ላይ የምትደረድርለት እሷው ነበረች፤ ነጩ ከአውራ ጣቱ አጠገብ፣ ቀጥሎ ቢጫው፣ ቀጥሎ ቀዩ፣ እያለ እስከ ጥቁሩ። እሱ ቀለሙን የሚያውቀው በቦታው ነበርና ተራው መሳት የለበትም። አንድ ቀን ጠዋት ተሳስታ በቀዩ ቦታ አረንጓዴውን ጨመቀችው። እኔ ለሥራ ልወጣ በር ላይ ቆሜ ነበር። ልናገር አፌን ስከፍት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘችኝ። እሱ የቀሚሷን ቀይ መስሎት አረንጓዴውን ከላይ እስከ ታች አዳረሰው፤ ጉንጯም ከንፈሯም ሳይቀር ደረሰው።

ሥዕሉ ሲያልቅ «እይው» አላት። ብዙ ቆማ አየችው። «አፍንጫዬን አሳመርክልኝ» አለችው።

«ማሳመር አላውቅም፤ እንዳለ ነው ያስቀመጥኩት» አለ፣ ኩራት እየተናነቀው።

እኔ ያየሁትን ልናገር። አረንጓዴ ደመና፣ በአንድ በኩል ቢጫ፣ መሃል ላይ ቡናማ ነገር። ሌላ ምንም። ወጥ ቤት ተከትያት ገባሁና «እውነት ምን አይተሽ ነው?» አልኳት።

«ሲፈልገኝ አየሁት» አለች። «በይ አሁን ሻይ አፍዪለት።»

የዘይት ቀለም ቶሎ አይደርቅም። እናቴ የሞተችው ሥዕሏ ሳይደርቅ ነው።

ዳይሬክተሩ ሊያጽናናን የመጣው ከቀብሩ በኋላ በነበሩት ቀናት ነው። ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ ጠጉሩ ጣል ጣል ሸብቶ፣ አባቴን እጁን ስሞ አጠገቡ ተቀመጠ። እውነቱን ለመናገር ደግ ሰው ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሁሉ ይቀለኝ ነበር። ሲወጣ እየሸኘሁት ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ከተደገፉት ሸራዎች ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ። የእናቴ ሥዕል በጎኑ ተጋድሞ ነበር።

«ጋሼ ናቸው ይሄን የሠሩት?»

«አዎ፣ እሳቸው ናቸው።»

«ጋሽ ቱምቢ!» አለ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እዚህ ደረሱ ማለት ነው! ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሸሹት ኖረው መጨረሻ ላይ እጃቸውን ሰጡ። ይገርማል! ይሄን የመሰለ አብስትራክት ከሃያ ዓመት ወጣት እንኳ አላየሁም። ለመሆኑ ከምን ተነስተው ነው የሠሩት?»

ከእናቴ ልል አፌን ከፈትኩ። ፊቱ እንደ ሕፃን በርቷል። ሰው ነው ብዬ ብነግረው ብርሃኑ ድርግም እንደሚል ገባኝ። ሰው ከሆነ ያበቃለት ሽማግሌ ያበላሸው ሥዕል ነው፤ ሰው ካልሆነ ተአምር ነው።

«እሳቸው ያዩትን ነው የሚሠሩት» አልኩ። ውሸት አልተናገርኩም።

«ትልቁን አዳራሽ እሰጣቸዋለሁ» አለ።

ለአባቴ ስነግረው መጀመሪያ አላመነኝም። ከዚያ ተነስቶ ግድግዳውን እየዳበሰ ወደ መኝታ ቤት ሄደና የሠርጉን ክራባት ይዞ ተመለሰ። «የቱን ነው የሚሰቅሉት?» አለኝ።

«እማዬን።»

«ሲያያት ምን አለ?»

«ምንም አላለም። ቆሞ አያት፤ እንባው መጣ።»

አባቴ ክራባቱን በጣቶቹ መካከል አሻሸው። «ለካ አስተምሬዋለሁ» አለ።

ከዚያ በኋላ የኖርነው በእኔ ምላስ ነው። ጋዜጣ ላይ «ቅርጽን የማፍረስ ድፍረት» ተብሎ የተጻፈውን «ቅርጽን የማጥበቅ ብቃት» ብዬ አነበብኩለት። «ደፋሩ አረንጓዴ» የሚለውን «ደፋሩ ቀይ» አልኩት። የጋለሪው ፖስተር በየአውቶቡስ ማቆሚያው ተለጠፈ። አረንጓዴው ደመና ከእነ ቢጫው፣ ከሥሩ የአባቴ ስም። ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ የምጠብቀው አጠገቡ ቆሜ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ቀና ብዬ «እንደምን አደርሽ» አላልኩም፤ ትዝም ብሎኝ አያውቅም። ደንበኞች ፋርማሲው ድረስ እየመጡ «አባትሽ እንዲህ ያለ ዘመናዊ ሰው ናቸው እንዴ?» ይሉኝ ነበር። አዎ እላለሁ፣ ሌላ ምን እላለሁ።

መክፈቻው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። አባቴን ክንዱን ይዤ ገባሁ። ጋለሪው ሕይወቱን በየክፍሉ ደርድሮታል። የመጀመሪያው ክፍል «እውናዊው ዘመን» ይላል፤ በወጣትነቱ የሣላቸው አናጺዎች፣ ነርሶች፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ። ሁለተኛው ክፍል ዓይኑ መድከም የጀመረበት ጊዜ ሥራ ነው፤ በሩ ላይ «የኢምፕሬሽኒዝም ጥሪ» ተብሎ ተጽፏል። ሦስተኛው «ወደ ኤክስፕረሽኒዝም» ይላል። የሐኪሙን መዝገብ በቅደም ተከተል ግድግዳ ላይ የለጠፉት መሰለኝ። በሽታ እያለ ያስተማረባቸውን ስሞች ሁሉ አንድ በአንድ አሸክመውታል፤ እሱ ደግሞ አያነብም። «ምን ይላል በሩ ላይ?» ሲለኝ «ስምህን ነው» እለዋለሁ።

ኮሪደሩ ላይ ደከመውና የተከመሩ ወንበሮች እጁን ሲነኩት አንዱ ላይ ቁጭ አለ። አስተናጋጇ እየሮጠች መጣች።

«ጋሼ፣ ጋሼ፣ ይነሱ እባክዎ! ይሄ የጥበብ ሥራ ነው!»

«ወንበር አይደለም እንዴ?»

«ነበር» አለች ልጅቱ። «አሁን ኢንስታሌሽን ነው።»

አባቴ እየሳቀ ተነሳ። ያን ቀን የሳቀው የመጨረሻ ሳቅ እሱ ነው።

ትልቁ አዳራሽ በሰው ጢም ብሏል። ፊት ለፊት፣ ነጩ ግድግዳ ላይ፣ የእናቴ ሥዕል ብቻዋን ተሰቅላለች። ከጎኗ «ያለ ርዕስ» የሚል ትንሽ ካርቶን አለ። ዳይሬክተሩ ንግግር አደረገ፣ ተጨበጨበ። አባቴ በጆሮዬ «ወስጂኝ፤ ልንካት» አለኝ። ጥበቃው ሊከለክል እጁን ሲዘረጋ ዳይሬክተሩ በዓይኑ መለሰው። ሰዉ መንገድ ለቀቀልን።

አባቴ እጁን ከላይ ጀመረ። ግንባሯ ያለበትን፣ የመስኮቱ ብርሃን ያረፈበትን፣ ቀለሙን አወፍሮ የለጠፈበትን ቦታ እየፈለገ ነበር። ጣቱ ባዶ ሸራ ላይ ሄደ። ወደ ግራ ወሰደው፣ ወደ ቀኝ መለሰው። ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ ቀስ እያለ ሄደ። እጁ ወረደ፣ ወረደ፣ ጎንበስ አለ፣ ከታችኛው ጠርዝ ትንሽ ከፍ ብሎ ቆመ። እዚያ ቀለሙ እንደ ቅርፊት ወፍሯል። ጣቶቹን እላዩ ላይ አስቀምጦ ቆየ።

«እናትሽን ዘቅዝቀው ሰቀሏት» አለ።

ፖስተሩ ትዝ አለኝ፤ አውቶቡሱ፣ ጋዜጣው። እናቴ በየመንገዱ በጭንቅላቷ ተተክላ ከርማለች፤ እኔም አጠገቧ ቆሜ ሰዓቴን አይ ነበር።

አባቴ ወደ ዳይሬክተሩ ድምፅ ዞረ። «ቂምህን ተወጣህ?» አለው፣ ሳይጮህ። «ይገባኛል። ክፍል ውስጥ ያደረግሁህን መለስክልኝ። ግን በእኔው ላይ አትመልሰውም ነበር? እሷ ምን አደረገችህ? እሷ አንድ ቀን ባንተ አልሳቀችም።»

ዳይሬክተሩ እኔን አየ፣ ሥዕሉን አየ። «ጋሼ... እሷ ማናት?» አለ። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ይሄ ሰው ነው እንዴ?» አለ።

ቂም ቢሆን ይሻል ነበር። ቂም ቢሆን ኖሮ አይቷታል ማለት ነው። የሰውየው ፊት ላይ ከድንጋጤ በቀር ምንም አልነበረም። በዚያ አዳራሽ ውስጥ እናቴን ያዋረደ አንድም ሰው አልነበረም፤ ያያትም አልነበረም።

«እባክዎ ጋሼ» አለ ድምፁን እየዋጠ። «እንግዳው ሁሉ እያየ ነው። ደግሞም በዚህ ዓይነት ሥራ ላይኛውና ታችኛው ያን ያህል...»

«በምን ዓይነት ሥራ?»

ዳይሬክተሩ መልሱን ለእኔ ተወልኝ። አባቴ የእኔን ክንድ ያዘ። ጣቶቹ ሥጋዬ ውስጥ ገቡ። «ምን ብለዋት ነው የሰቀሏት?» አለኝ። ለወራት ጋዜጣ ሳነብ አንድ ቀን ያልጎደለኝ ቃል ያኔ ጎደለኝ። ዝምታዬን አዳምጦ ጨረሰ።

«አብስትራክት» አለ ራሱ። አንገቱን ነቀነቀ። «ነፍስ ይማር።»

ከዚያ ክንዴን ለቀቀና ሥዕሉን በሁለት እጁ ጎንና ጎኑን ያዘው። ሸራው ያረፈው በሁለት ምስማሮች ላይ ነበር። ብድግ አድርጎ አወረደው። ጥበቃው ሲንቀሳቀስ ዳይሬክተሩ ያዘው። አባቴ ወለሉ ላይ አቁሞ ዞር ዞር አደረገው፣ የወፈረውን ቦታ በአውራ ጣቱ አረጋገጠ፣ ከዚያ አነሳውና ምስማሮቹን በዳበሳ ፈልጎ ሰቀላት። ኪሱ ገባ። ቱምቢውን አወጣ። ገመዱን ከሸራው የላይኛው ጥግ ለቀቀና ብረቱ እስኪረጋ ጠበቀ፤ በጣቱ ገመዱንና የሸራውን ጠርዝ አብሮ ወደ ታች ተከተለ፣ የጥፍር ያህል ወደ ግራ ገፋት፣ እንደገና ለካ። ቀጥ አለች።

መጀመሪያ አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ከኋላ፣ ከበሩ አካባቢ። ከዚያ ሁሉም። ስልኮች ከፍ ከፍ አሉ። «ብራቮ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዳይሬክተሩ ላቡን ጠረገና ማይክሮፎኑን አነሳ፤ መቼም ዳይሬክተር ያለ ምክንያት አይኮንም። «ክቡራትና ክቡራን» አለ፣ «አሁን ያያችሁት ሠዓሊው ለዚህ ቀን ያዘጋጁት ፐርፎርማንስ ነው። የራሳቸውን ሥራ በመገልበጥ፣ ላይና ታች የሚባል ነገር መኖሩን...» የቀረውን ጭብጨባው ዋጠው።

ጠላኋቸው። አንድ በአንድ፣ በየፊታቸው ጠላኋቸው። ያ የመጀመሪያው አጨብጫቢ ማን እንደሆነ ባውቅ በጥፊ እለው ነበር።

አባቴ ቱምቢውን በገመዱ እየጠቀለለ ጭብጨባውን አዳመጠ። ማይክሮፎኑ ያለውን ይስማ አይስማ አላውቅም። «ለምንድን ነው የሚያጨበጭቡት?» አለኝ።

«አወቋት» አልኩት።

«አንቺስ?»

«እንዴ አባዬ! እናቴን?»

ጭንቅላቱን ወደ ሥዕሉ አዞረ። የማየት ያህል። ከዚያ ቀኝ እጁን ሰጠኝ፤ ቀለም በጥፍሮቹ ሥር ደርቆበት፣ ቀሎ፣ ቀዝቅዞ። «በይ ዓይኗ ላይ አድርጊልኝ» አለ።

ሥዕሉን አየሁት። በሕይወቴ ነገር እንዲህ አፍጥጬ አይቼ አላውቅም። አረንጓዴው፣ ቡናማው፣ ቢጫው። አሁን ቀጥ ብላ ተሰቅላለች፤ ግንባሯ ከላይ ነው፤ እንግዲህ ዓይኗ ከሥሩ መሆን አለበት። ለአንድ አፍታ ጭኗ ላይ ያሳረፈችው እጇ የታየኝ መሰለኝና ጠፋ። እንዲህ ዘንበል ብላ ነበር የምትቀመጠው፤ ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ? ዕድሜዬን ሙሉ ፊት ለፊቴ የተቀመጠች ሴት። ጭብጨባው አላሳስብ አለኝ። እጁን ይዤ ከፍ አደረግሁት፣ ከቢጫው ጠርዝ ሁለት ጥቁር ነጠብጣብ ወዳየሁበት ወሰድኩት፣ ቀስ ብዬ አስቀመጥኩት።

ጣቱ በትንሹ ወደ ላይ፣ በትንሹ ወደ ታች ሄደ።

«ይሄ መጋረጃው ነው» አለ።

እጁን ከዚያ አላነሳም። ሰዉ ገና እያጨበጨበ ነበር።